አውቶኮሬክት «ስራ» ያልኩትን ሁሉ ቀየረብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቃለ ጉባኤ ነው የምጽፈው። «የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ» የሚለው ሐረግ አንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ይመጣል። ጣቴ ሲዝል ወርድ ላይ አውቶኮሬክት (የጻፉትን ቃል በራሱ በሌላ የሚተካውን) ከፈትኩና «ስራ» ስል በሙሉው ሐረግ እንዲተካልኝ አደረግኩ። የመጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ። በማግስቱ ያስረከብኩትን ሰነድ መልሼ ሳነበው ክው አልኩ። «ስራ በዝቶባቸዋል» ያልኩት «የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዝቶባቸዋል» ሆኗል! እንዲህ ያለ ሰባት ቦታ አገኘሁ። ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ በጣም ነው የደነገጥኩት። ደግሞ «ለስራ» ወይም «ስራው» ስል ምንም አይቀይርም። ለምን? ጨርሶ ልተወው ወይስ መላ አለው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አይዞሽ፣ አትተዪው። ችግሩ የመረጥሽው ምህጻረ ቃል ነው። አውቶኮሬክት ትርጉም አያውቅም። ስፔስ ወይም ነጥብ ስትመቺ የጻፍሽውን ቃል ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ ፊደል በፊደል ከገጠመ ይተካዋል። ስለዚህ በአማርኛ ቃል ያልሆነ ነገር ምረጪ። እኔ ብሆን «ስአኮ» እለው ነበር።

መጀመሪያ የድሮውን አጥፊ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከዚያ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ። ዝርዝሩ ውስጥ «ስራ»ን መርጠሽ ዲሊት በይ። ሪፕሌስ የሚለው ሳጥን ላይ «ስአኮ»፣ ዊዝ የሚለው ላይ ሙሉውን ጽፈሽ አድ በይ።

«ለስራ» ያልተቀየረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእሱ ሌላ ቃል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ለ፣ በ፣ ከ ሁሉ ቃሉ ላይ ይጣበቃሉ። ለየብቻ መዝግቢያቸው። «ለስአኮ»ን ስትመዘግቢ ግን «ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ» ብለሽ አስገቢ፤ «ለየሥራ» እንዳይሆንብሽ። «ስአኮው»ም መጨረሻው «ኮሚቴው» ሆኖ ለብቻው ይግባ። አምስት ስድስት መስመር ይበቃሻል።

ኪቦርድ፦
የተበላሸውን በጅምላ እንዳትመልሺው! ኮንትሮል ኤች (ፈልጎ መተኪያውን) ከፍተሽ ሪፕሌስ ኦል (ሁሉንም ተካ) ካልሽ ትክክለኛዎቹም «ስራ» ይሆናሉ። ፋይንድ ኔክስት እያልሽ አንድ በአንድ እዪው። ወደፊት ሳትፈልጊ ሲቀይርብሽ ወዲያው ኮንትሮል ዜድ በይ፤ የጻፍሽው ይመለሳል።

ሙሉ አንቀጽ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አውቶኮሬክት ፎርማት የሌለው ጽሑፍ ከሆነ ከ255 ፊደል በላይ አይቀበልም። አንቀጹን መርጠሽ ኦልትና ኤፍ 3 ተጫኚ፣ ስም ስጪው። በኋላ ስሙን ጽፈሽ ኤፍ 3 ስትጫኚ አንቀጹ ይመጣል። ሳትጠሪው አይመጣም። ለሚፈረም ወረቀት እኔ ይህን ነው የምመርጠው።

ጸሐፊዋ፦
ሁለታችሁም ተባረኩ። «ስአኮ»ን ሞከርኩት፤ መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ለካ ስመዘግበው በንጉሡ «ሥ» ነው የጻፍኩት፣ ስጠራው ደግሞ በእሳቱ «ስ»። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በሁለቱም መዘገብኩት፤ አሁን ይሠራል። ሰባቱንም ቦታ አንድ በአንድ አርሜ ሰነዱን መልሼ ልኬዋለሁ።