የዕቅድ ውይይት፦ ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች የሚገዛው ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ የተስማማነው «ለ24ቱም ኮምፒውተሮች 4 ጊጋ ራም ይጨመር» በሚል ነበር። መዋጮው ገብቷል። ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችን በፊት ሐሳብ ያለው እዚህ ይጻፍ። የተስተካከለው ዕቅድ እሁድ ይጸድቃል።

የጥገና ባለሙያው አባል፦
ማክሰኞ ሄጄ ሁሉንም ኬዝ ከፍቼ አይቻለሁ። ውሳኔያችን እንዳለ ገበያ ከወጣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል።

አንደኛ፣ ማሽኖቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። 15ቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ናቸው፤ የሚወስዱት ዲዲአር3 የሚባለውን የቀድሞ ትውልድ ራም ነው። 6ቱ ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ3 ናቸው፤ እነሱ ተከታዩን ትውልድ፣ ዲዲአር4ን ይፈልጋሉ። የቀሩት 3ቱ ትንንሾቹ ኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮ ናቸው። እነዚህም ዲዲአር4 ናቸው፤ ግን የሚገባላቸው አጭሩ የላፕቶፕ ራም ነው።

ዲዲአር3 240 እግር አለው፣ በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር4 288 እግር አለው፣ 1.2 ቮልት ይበቃዋል። መሐል ላይ ያለው ክፍተትም ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አልገባ ያለን ራም በጉልበት መጫን የለብንም። እንዲህ ሲደረግ ስሎቱ (የራም መሰኪያው) የተሰበረ ማዘርቦርድ በእጄ ገብቷል፤ አልዳነም።

ሁለተኛ፣ 3020ዎቹ ያላቸው ስሎት ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም በባለ 2 ጊጋ ተይዘዋል። «ይጨመር» ብንል የት ይሰካል? የግድ የተሰኩት ወጥተው በአንድ ባለ 8 ጊጋ መተካት አለባቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
እግዜር ይስጥህ፣ ይህን አላወቅንም ነበር። ታዲያ «8 ጊጋ ዲዲአር3፣ 15 ፍሬ» ብለን ብንጽፍ አይበቃም? ለሻጩ ብዙ ዝርዝር ስንጽፍለት ዋጋ ይጨምርብናል ብዬ ፈራሁ።

የጥገና ባለሙያው አባል፦
አይበቃም። ይህን የምለው ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ለአንድ ደንበኛ ልክ እንደዚያ ብዬ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ገዛሁ። ዋጋው ጥሩ ነበር። ሰካሁት፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እግሩን በላጲስ ጠረግሁ። ስሎት ቀያየርሁ። የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥቼ መለስሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በኋላ ያንኑ ራም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ ብሰካው ወዲያው ተነሳ።

እንዲህ ያሉ ራሞች ገበያ ላይ አሉ። ቺፖቻቸው የተደራጁበት መንገድ ለዚያ ዘመን የኢንቴል ማዘርቦርድ አይነበብም፤ 3020ዎቹም ኢንቴል ናቸው። «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብለው ነው የሚሸጡት፤ ማሸጊያው ከወለቀ ግን ማን ይነግርሃል? ራሙ አልተበላሸም፣ ሻጩም አላውቅም ነው የሚለው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የስቲከሩን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንጻፍ፦ «2አር×8፣ ፒሲ3ኤል-12800ዩ»። 2አር×8 ቺፖቹ የተደራጁበትን መንገድ ነው የሚናገረው። 12800 ማለት 1600 ፍጥነት ነው። ኤሏ በ1.35 ቮልትም እንደሚሠራ ትናገራለች፤ 3020 ይቀበለዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ) ያለው አባል፦
እዚህ ከሰርቨር (ከትልቅ አገልጋይ ኮምፒውተር) የወጡ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 በጣም ርካሽ አግኝቻለሁ። 15 ፍሬ አላቸው። ለፋሲካ ስመጣ በሻንጣዬ ይዣቸው እመጣለሁ። ስቲከሩ 12800አር ይላል። ልክፈል?

የጥገና ባለሙያው አባል፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትከፍል! መጨረሻ ላይ ያለችው «አር» የሰርቨር ራም መሆኑን ነው የምትናገረው። በእነዚህ ዴስክቶፖች አይነሳም። ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። የተራ ዴስክቶፕ የሆነውን፣ «ዩ» ያለበትን ፈልግ፤ ካገኘህ አንድ ፍሬ ብቻ ግዛና ፎቶውን ላክልኝ።

የኮምፒውተር መምህር፦
ስለ ድካማችሁ በተማሪዎቹ ስም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ከ3020ዎቹ በአምስቱ ላይ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው። አሁን ያለውን 4 ጊጋ እንኳን ሙሉውን አይጠቀምም፤ 3 ጊጋ ምናምን ብቻ ነው የሚያሳየው። 64 ቢት ካልተጫነ 8 ጊጋ ብታስገቡም ልጆቹ ለውጥ አያዩም። ጭነቱን እኔ እሠራለሁ። የፈተና ፋይሎችን መገልበጫ ሦስት ቀን ስጡኝ።

ሌላ አባል፦
ከአንድ 8 ጊጋ ሁለት ባለ 4 አይሻልም? ጥንድ ሲሆን ይፈጥናል ሲባል ሰምቻለሁ።

የጥገና ባለሙያው አባል፦
ልክ ሰምተሃል። ጥንድ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያነባቸዋል፤ ስክሪኑም ከራም ስለሚበደር ይጠቀማል። የእኛ ልጆች ግን በአብዛኛው ወርድና ብራውዘር ነው የሚከፍቱት። ለእነሱ ነገ ሌላ 8 የሚሰካበት ባዶ ስሎት ይበልጥብኛል። ቦርዱ እስከ 16 ጊጋ ይችላል።

የሚወጡት 30 ባለ 2 ጊጋ ራሞችም አይጣሉ። አንድ ማሽን አልነሳ ሲል ችግሩ የራም ይሁን የማዘርቦርድ በደቂቃ ውስጥ የምንለየው በእነሱ ነው።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ከተባለው ይህን አርቅቄያለሁ፤ አርሙት።

«ማኅበሩ 15 ፍሬ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ለ3020ዎቹ፣ 6 ፍሬ ባለ 4 ጊጋ ረጅም ዲዲአር4 ለፕሮዴስኮቹ፣ 3 ፍሬ ባለ 4 ጊጋ አጭር ዲዲአር4 ለማይክሮዎቹ ይገዛል። የስቲከሩ ጽሑፍ በፕሮፎርማው ላይ ይሰፍራል። በመጀመሪያ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ይገዛና ተሰክቶ በሜምቴስት86 (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ሌሊቱን ይፈተሻል። አንድም ስሕተት ካልታየ ቀሪው ከዚያው ሻጭ ይገዛል። ሻጩ የማይሠራውን እንደሚለውጥ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ያረጋግጣል።»

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ። ለሦስቱ መሞከሪያዎች የሚሆነውን ብር ነገ አወጣለሁ።

የጥገና ባለሙያው አባል፦
ለፕሮዴስኮቹ ፍጥነቱ «2400» የሚል ይጨመርበት። ሦስቱን ዓርብ እገዛለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላብራቶሪው በር ላይ እንገናኝ። ሠራተኛ አልጠራንምና የስታር ካቻቪቴ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የኔ አንድ ብቻ ነው።

የኮምፒውተር መምህር፦
ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከ3 ሰዓት በፊት እከፍታለሁ፤ የማሽኖቹንም ገመድ ነቅዬ እጠብቃችኋለሁ።