አንዲት ሲኒ ቡና ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ አለችኝ፤ ከእርግዝናው ነው ወይስ ከዘር?

የዘጌ ልጅ፦

ሰላም እናንተዬ። የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። የ32 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሁለተኛ ልጄ ነው።

ያደግኩት ዘጌ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ ረከቦቱ ሳይነሳ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ባለፈው እሑድ እናቴ በጀልባ መጥታ ከጓሯችን ቡና አፈላችልኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሲኒ ብቻ ጠጣሁ። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ዓይኔ አልከደን አለ። ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ሳዳምጥ ነጋ። እናቴ «ልጁ ነው የማያስተኛሽ» ትላለች።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስጨንቀኛል። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ለህመሙ ትራማዶል ተሰጠኝ። አጠገቤ የተኛችው አራስ ያንኑ ክኒን ውጣ «ምንም አላስታገሰልኝም» ትላለች። እኔ ግን አንዷን እንደዋጥኩ ቤቱ ዞረብኝ፣ አስመለሰኝ፣ ቁጭ ባልኩበት ያንቀላፋኛል። ልጄ ደግሞ ጡት ይይዝና ሁለቴ ሳብ አድርጎ ይተኛል። የውስጥ እግሩን እያሻሸን ነበር የምንቀሰቅሰው። ስናገር «አራስ ልጅ ሁሉ ይተኛል» ተባልኩና ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ራሴ ተውኩት። በማግስቱ ልጁ ነቃ፣ አልቅሶም ጠባ። ያን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁንም በኦፕራሲዮን እንደምወልድ ተነግሮኛል። አንዲት ሲኒ ቡና ማስወጣት ያቃተው ሰውነት፣ ያን ክኒን እንዴት እንዲህ አበረታብኝ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ፋርማሲስት ከቀበሌ 14፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ቡናው ከእርግዝናው ነው። ክኒኑ ግን ከዘርም ሊሆን ይችላል።

ጉበታችን ውስጥ መድኃኒትን የሚሰባብሩ ብዙ ኢንዛይሞች አሉ። እርግዝና ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አይወስዳቸውም። ካፌይንን የሚሰብረው ሲዋይፒ 1ኤ2 የሚባለው ነው። እሱ በእርግዝና እየደከመ ይሄዳል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሥራው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ያላረገዘች ሴት ከጠጣችው ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት አካባቢ ታስወግዳለች። ባንቺ ወቅት ግን 15 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የጠዋቱ ቡና ማታ አምስት ሰዓት ላይ ገና ከግማሽ በላይ ደምሽ ውስጥ ነበር። ልጁ ላይ አታሳብቡ፤ እሱማ ካፌይን የሚሰብርበት ኢንዛይም ገና የለውም፣ ያንቺን ነው የሚጠብቀው። ብዙ ሐኪሞች ነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳታልፍ ይመክራሉ።

ትራማዶል ላይ የሚሠራው ደግሞ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ነው። ልብ በይ፣ ይህ ኢንዛይም ክኒኑን አያጠፋውም፤ በጣም ወደ በረታ ማስታገሻ ይለውጠዋል። ኮዴይን የሚባለውን ሌላ ማስታገሻም እንዲሁ ወደ ሞርፊን ይለውጣል። በእርግዝና ደግሞ ይህኛው ይበረታል እንጂ አይደክምም። ከወለዱ በኋላም በአንድ ሌሊት ወደ ቦታው አይመለስም።

ዘሩ ጋ ስንመጣ፣ አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ሁለት ሦስት እጥፍ ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል። በስዊድን ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ያቺ አጠገብሽ የነበረችው ሴት ምናልባት ኢንዛይሙ የሰነፈባት ናት፤ ለእሷ ክኒኑ ወደ በረታው ማስታገሻ ሳይለወጥ ይቀራል። አንቺ ጋ ግን ቶሎ ተለውጦ፣ በጡትሽ በኩል ለልጁም ደርሶ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል።

ሰው «አራስ ሁሉ ይተኛል» ቢልሽም ያየሽው ትክክል ነው። ለመጥባት የማይነቃ፣ የሚዝለፈለፍ ወይም አተነፋፈሱ የከበደ ሕፃን ወዲያው ሐኪም ያየው።

እናት ዘጎንደር፦

እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ላሞትሪጂን ነው የምወስደው። በአምስተኛ ወሬ፣ ሦስት ዓመት ጠፍቶ የነበረው ተመለሰብኝ። አንዲት ቀን አላቋረጥኩም፤ እንጀራ ስጋግር ነው የጣለኝ። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የምጣዱ ነው። ሐኪሜ መጠኑን ጨመረልኝ፤ በእርግዝና ሆርሞኑ ሲጨምር ጉበት ያን መድኃኒት ቶሎ ያስወጣዋል አለኝ። ከወለድኩ በኋላ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀነሰልኝ፤ ያለዚያ ይበዛብሽ ነበር ብሎኛል። እኔ ቀድሜ ስለማላውቅ ነው የወደቅኩት። መድኃኒት የምትወስዱ፣ እንዳረገዛችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። በራሳችሁ ግን አትጨምሩ፣ አታቁሙ።

የዘጌ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አልቅሼ ነው ያነበብኩት። አጋንናለሁ እንዴ እያልኩ ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ፋርማሲስቱ ወንድሜ፣ ይህን የዘር ነገር መመርመር አለብኝ?

ፋርማሲስት ከቀበሌ 14፦

ምርመራውን አትጠብቂ፤ የሆነብሽ በቂ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙም ሰመመን ለሚሰጥሽም የነገርሽንን እንዳለ ንገሪያቸው። ከወለድሽ በኋላ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አሉ፤ ሌላ ችግር ከሌለብሽ ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። አይቡፕሮፌኑን ግን አሁን በሆድሽ እያለ እንዳትነኪው።

የዘጌ ልጅ፦

ሐሙስ ክትትል አለኝ። ካርዴ ላይ በቀይ አስጽፈዋለሁ። እናቴንም ነገርኳት፤ «እንግዲያው ለክርስትናው አፈላልሻለሁ» ብላ የቀረውን ቡና ቋጥራ አስቀመጠችው።