ስቶሬጁ 20 ቴራባይት ሰጥቶ ዊንዶውስ ቮሊዩሙን አላሰፋም አለ፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከማኅደር ክፍል

ሰላም ለሁላችሁም። የቪዲዮና የድምፅ ቅጂዎች የምናስቀምጥበት ፋይል ሰርቨር ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 የተጫነበት ሲሆን፣ ዲስኩን የሚያገኘው በአይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ በኩል በሚያገናኝ ዘዴ) ከተያያዘ ስቶሬጅ ነው። 12 ቴራባይት የነበረው ቮሊዩም (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) እየሞላ በመምጣቱ በስቶሬጁ በኩል ወደ 20 ቴራባይት አሳደግነው፤ በዲስክ ማኔጅመንት «ሪስካን» ስንልም 8 ቴራባይት ያልተመደበ ቦታ በግልጽ ታየ። ይሁን እንጂ ቮሊዩሙን ለማስፋት ስንሞክር፣ የክላስተሮቹ (ፋይል ሲስተሙ ቦታ የሚመድብባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ፋይል ሲስተሙ ከሚደግፈው ጣሪያ ስለሚያልፍ ማስፋት እንደማይቻል የሚገልጽ መልእክት ይወጣና ሥራው ይቋረጣል። የዲስኩ የክፍፍል ሠንጠረዥ ጂፒቲ መሆኑን አረጋግጠናል። ጉድለቱ ከስቶሬጁ ነው ወይስ ከዊንዶውስ? ያለውን ፋይል ሳናጠፋስ መፍትሔ ይገኝለት ይሆን?

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ስቶሬጁ የሚጠበቅበትን አድርጓል። ጂፒቲ መሆኑን ማጣራትዎም ተገቢ ነበር፤ የቆየው ዓይነት ሠንጠረዥ ኤምቢአር ቢሆን ኖሮ ገና 2 ቴራባይት ላይ ይቆም ነበርና። እርስዎን የገጠመዎ ግን ሌላ ጣሪያ ነው።

የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የሆነው ኤንቲኤፍኤስ ቦታውን በክላስተር ከፋፍሎ ይመዘግባል። ዊንዶውስ በአንድ ቮሊዩም ውስጥ የሚቀበለው የክላስተር ብዛት በ32 ቢት የሚቆጠረውን ያህል፣ ማለትም 4 ቢሊዮን 295 ሚሊዮን ገደማ ነው። ክላስተሩ 4 ኪሎባይት ከሆነ ይህ ሲባዛ 16 ቴራባይት ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ክላስተር እንኳ አይጨመርም። መጀመሪያ ፎርማት ሲደረግ መጠኑን የመረጠ ሰው ከሌለ፣ ዊንዶውስ እስከ 16 ቴራባይት ላለው ቮሊዩም በራሱ 4 ኪሎባይት ይሰጣል። ያው ዲስክ ከመነሻው 20 ቴራባይት ሆኖ ፎርማት ቢደረግ 8 ኪሎባይት ይመርጥለት ስለነበር እስከ 32 ቴራባይት ይሄድ ነበር።

ለማረጋገጥ «ኤፍኤስዩቲል ኤፍኤስኢንፎ ኤንቲኤፍኤስኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ከድራይቩ ፊደል ጋር ያስኪዱና በአንድ ክላስተር ስንት ባይት እንዳለ የሚያሳየውን መስመር ይመልከቱ። 4096 ካለ ነገሩ ይኸው ነው።

መልስ፦ አቋራጭ

ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ (ብዙ ዲስኮችን በአንድ ቮሊዩም ወደሚያገናኘው ዓይነት) ቀይረው፣ ሌላ ዲስክ ጨምረው ቮሊዩሙን ቢያስረዝሙትስ? እኛ ዘንድ ትንንሽ ዲስኮችን እንዲሁ አገናኝተን እንሠራባቸዋለን።

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ዳይናሚክ ዲስክ ከፋይል ሲስተሙ በታች ያለውን ቦታ ነው የሚያገናኘው፤ በላዩ ያለው ኤንቲኤፍኤስ ያው በ4 ኪሎባይት የሚቆጥረው ስለሆነ በዚያው 16 ቴራባይት ላይ ይቆማል። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ራሱ ዳይናሚክ ዲስክን ወደ ጎን ትቶታልና አዲስ ሥራ ባይጀመርበት ይመረጣል።

ከማኅደር ክፍል

አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም 4096 ይላል። እንግዲያው ቦታው ሊያልቅ የቀሩት ቀናት ጥቂት ስለሆኑ ለጊዜው የምንተነፍስበት መንገድ አለ?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

አለ። ሲያሰፉ ሙሉውን 8 ቴራባይት አይጠይቁ፤ ጠቅላላው ከ16 ቴራባይት ጥቂት እንዲያንስ አድርገው መጠኑን በእጅዎ ያስገቡ፣ ይቀበልዎታል። የሚተርፈውን 4 ቴራባይት ገደማ ሌላ ቮሊዩም አድርገው፣ የድራይቭ ፊደል ሳይሰጡት በነባሩ ቮሊዩም ውስጥ ባለ ባዶ ፎልደር ላይ ያያይዙት። ፊደሎቹ 26 ብቻ በመሆናቸው ብዙ ቮሊዩም የሚያስተዳድር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ወደዚህ ዘዴ መምጣቱ አይቀርም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ድራይቩ ላይ የሚታየው ነፃ ቦታ የነባሩን እንጂ የተያያዘውን አይጨምርም፤ የነባሩ ቮሊዩም ሻዶው ኮፒም (ዊንዶውስ የሚይዘው የቮሊዩሙ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) የተያያዘውን አይዝም፤ ስለዚህ በባክአፕ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው መግባት አለበት።

ሉኑን (ስቶሬጁ ለሰርቨሩ እንደ አንድ ዲስክ የሚያቀርበውን ክፍል) ከስቶሬጁ በኩል መልሼ ላሳንሰው የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ ፈጽሞ አያድርጉት። ዊንዶውስ ሳያውቅ የዲስኩ መጨረሻ ተቆርጦ ፋይል ይበላሻል።

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ይህ ጊዜያዊ ነው። ዘላቂው አዲስ ሉን ወስዶ በ64 ኪሎባይት ክላስተር ፎርማት ማድረግ ነው፤ ጣሪያው 256 ቴራባይት ይደርሳል። የክላስተር መጠንን ባለበት እንለውጣለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሙሉ ባክአፕ ሳይኖር ግን በ12 ቴራባይት ማኅደር ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አልመክርም፣ ባክአፑ ካለም መልሶ መገልበጡ ይቀላል። ትልቅ ክላስተር ለትንንሽ ፋይሎች ቦታ ያባክናል፣ የኤንቲኤፍኤስ ኮምፕሬሽንም ከ4 ኪሎባይት በላይ አይሠራም፤ የእርስዎ ቪዲዮ ስለሆነ ሁለቱም አያሳስቡም።

የዊንዶውስን የመገልበጫ ትእዛዝ ሮቦኮፒን ከነፈቃዶቹ እንዲገለብጥ አዝዘው ሰው እየሠራ ሳለ የመጀመሪያውን ዙር ያስኪዱ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሼሩን (ሠራተኞች በኔትወርክ የሚከፍቱትን ፎልደር) ዘግተው የተለወጠውን ብቻ በሁለተኛ ዙር ያስገልብጡ። ሼሮቹ የተመዘገቡት በድራይቩ ፊደል ስለሆነ፣ የድሮውን ፊደል ለአዲሱ ቮሊዩም ሰጥተው «ሰርቨር» የሚባለውን አገልግሎት እንደገና ያስነሡት። የድሮውን ሉን ደግሞ ከአዲሱ ላይ ባክአፕ ተወስዶ ጥቂት ፋይሎች መልሰው እስኪከፈቱ ድረስ አያጥፉት።

መልስ፦ ሊኑክስ ወዳጅ

ሊኑክስም ከዚህ ነፃ አይደለም። የሊኑክስ ፋይል ሲስተም የሆነው ኢኤክስቲ4 የ64 ቢት አማራጩ ሳይበራ ከተፈጠረ፣ በ4 ኪሎባይት ብሎክ እዚያው 16 ቴራባይት ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱ ቮሊዩሙ ከሲስተሙ ከተላቀቀ (አንማውንት ከተደረገ) በኋላ በ«ሪሳይዝ2ኤፍኤስ» አማራጩን ማብራት መቻሉ ነው።

ከማኅደር ክፍል

እስከ 15.9 ቴራባይት አስፍተነዋል፣ ያለምንም ችግር ተቀብሏል። ለአዲሱ ሉን ጥያቄ አቅርበናል፤ ሲመጣ በ64 ኪሎባይት ፎርማት እናደርገዋለን።