ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የጀመራት ፍርሃት፦ የልብ ነው ወይስ የጭንቀት?

የደብረ ሲናው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 22 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ትማራለች። ከአራት ወር በፊት በሚኒባስ ወደ ቤት ስትመጣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ድንገት ልቧ ድው ድው ይል ጀመር። ትንፋሽ አጠራት፣ ጣቶቿና የከንፈሯ ዙሪያ ደነዘዙ፣ «ሞትኩ» ብላ ሹፌሩን አስቆመችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃት። ክሊኒክ ወስደናት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳች፣ «ልብሽ ደህና ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጥተው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ቅዳሴ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ተነስቶባታል። አሁን መኪና መሳፈር ትታለች፤ የግድ ከሆነ በር አጠገብ ተቀምጣ ሎሚ እያሸተተች ነው። እናታችን ዓይነ ጥላ ነው ብላ ፃድቃኔ ማርያም ልትወስዳት ነው። በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒት ቢያዙላትስ ሱስ አይሆንባትም?

ሳይካትሪ ነርስ

ወንድሜ፣ የጻፍከው ፓኒክ አታክ ከሚባለው ጋር በጣም ይገጥማል። ድንገት ይነሳል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቶ ቢቀር በሽታ አይባልም። ሳይታሰብ እየተመላለሰ ሰውዬው «ደግሞ መቼ ይመጣብኝ ይሆን» እያለ ወር ከዚያም በላይ ሲሰጋ፣ ወይም እሱን ፈርቶ ውሎውን ሲለውጥ ነው ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለው። እህትህ እዚያ ደረጃ ላይ ያለች ትመስላለች፤ የሚያረጋግጠው ግን አይቶ የሚመረምራት ባለሙያ ነው።

ሰውነቷ ውስጥ የሚሆነውን ብታውቀው ግማሹ ፍርሃት ይቀላል። ጅብ ፊት ለፊት ቢመጣብን አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበረታል፣ ለመሮጥ ነው። ፓኒክ ላይ ያው ደወል ጅብ ሳይኖር ይደወላል። ትንፋሽ ያጠራት አየር አንሷት ሳይሆን አብዝታ ስለተነፈሰች ነው። ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ጠበብ ስለሚሉ ያዞራል፤ እንዲሁም ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም የእጅ ጣቶች ይኮማተራሉ። ያስፈራል፣ ግን አይገድልም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ደገኛ ሰውነት ለምዶት ይኖራል እንጂ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ እዚያ ከቆላው ይልቅ ፈጠን ይላል። በሽታውን ከፍታው አላመጣውም፤ በዚያ ላይ ድንጋጤ ሲጨመርበት ግን ማዞሩ ቶሎ ይመጣል።

ኢሲጂ ብቻውን ግን አይበቃም። የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ማነስና የደም ስኳር ምርመራ ይጨመርላት። እንቅርት ሆርሞን ሲያበዛ አብዛኛውን ጊዜ ልቧ ሁልጊዜ በፍጥነት ይመታል እንጂ በድንገት መጥቶ አይሄድም፤ ደህና እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይስማማትም። ደረቷ ዳገት ስትወጣ ብቻ እየጨነቀ ስታርፍ የሚተዋት ከሆነ፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም እውነተኛ መሳት ካለ፣ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት።

ስለ ቡናም ጠይቋት። ፈተና ሲደርስ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ እያመሹ ማጥናት የታወቀ ነው። ካፌይን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ፓኒክ ያለበት ሰው ደግሞ የልቡን ምት ሲሰማ «መጣ» ብሎ ይደነግጣል። በአንድ ቀን ካቋረጠች ራሷን ያማታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ስኒ፣ ያውም ከቀትር በፊት ታውርደው። ጫት ካለ ይቁም። አረቄም ለጊዜው ያረጋጋ ይመስልና ሲለቅ ጭንቀቱን አብሶ ይመልሰዋል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በ2013 አጣዬ ላይ በደረሰው ወይም ከዚያ በኋላ በነበረው ጦርነት የደረሰባት ነገር አለ? ቅዠት፣ ያለፈው ነገር ዛሬ የሆነ ያህል ተመልሶ መምጣት፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ ካለ ሕክምናው በዚያ በኩል ስለሚሄድ ለሐኪሙ ይነገረው።

የደብረ ሲናው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ነበረች፣ ቅዠትም የላትም። ቡናው ግን እውነት ነው። አሁን ዋናው ጭንቄ መሳፈሩ ነው፤ ከጥምቀት ወዲህ ቤት አልመጣችም።

ካውንስለር

መሳፈር መተዋ ነው በሽታውን እያደለበው ያለው። በሸሸች ቁጥር አንጎሏ «ስለሸሸሁ ተረፍኩ» ብሎ ይመዘግባል፤ ብትቆይም ምንም እንደማትሆን የሚያይበት ዕድል አያገኝም። ስለዚህ መልሳ ትሳፈር፣ ግን በደረጃ። ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 ትለካው፣ 3 ከሚሆነው ትጀምር።

መጀመሪያ መናኸሪያ ሄዳ እየጫነ ባለ ሚኒባስ ውስጥ፣ መሃል ወንበር ላይ፣ በሩ ተዘግቶ ትቀመጥ፤ ረዳቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩት። ሲቀላት ከተማ ውስጥ እስከ ጠባሴ ደርሳ ትመለስ። ቀጥሎ እስከ ጉዶ በረት፣ ከዚያ ከአንተ ጋር ዋሻውን አልፋ ደብረ ሲና፣ በመጨረሻ ብቻዋን። አንዱን ደረጃ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ትደጋግመው። ፍርሃቱ 7 ከነበረ 3 ሲደርስ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፈው። ትልቁ ስህተት ጣሪያው ላይ ሲደርስ መውረድ ነው። ያኔ ከወረደች ያልሞከረችውን ያህል አይቆጠርም፣ የባሰ ትምህርት ይዛ ትሄዳለች።

ሎሚውን በተመለከተ፣ ለመኪና ማቅለሽለሽ ከሆነ ምንም አይደል። ለፍርሃቱ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ትተወው። በር አጠገብ መቀመጥ፣ ሎሚና ጤና አዳም ማሽተት፣ ስልክ ጨብጦ «አለሁ» ማሰኘት፣ ሁሉም ያው ሽሽት ናቸው። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝታ ስትወርድ «የደረስኩት በሎሚው ነው» ካለች ምስጋናው ለሎሚው ሄደ ማለት ነው።

ቀስ ያለ አተነፋፈስም እንደዚሁ ነው። በአፍንጫ 4 ሰከንድ እያስገቡ በ6 ሰከንድ ማስወጣት፣ ቤት ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው። በልምምዱ ሰዓት ግን ፍርሃቱን ማጥፊያ አታድርገው፤ ይምጣ፣ ይውጣ፣ ይውረድ። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ ደግሞ በጭራሽ፤ ችግሩ የልብ ወይም የሳንባ ከሆነ አደጋ ነው።

ሳይካትሪ ነርስ

እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አተነፋፈሱን እንደ ምርኩዝ ብትይዘው አልከለክልም፤ ያለ እሱ ጨርሶ የማይጀምሩ ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ይጣል፣ በእሱ እስማማለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ

ስለ ሱሱ ልመልስ። ሁለቱን ዓይነት መድኃኒት አትቀላቅሏቸው። በየቀኑ የሚወሰዱት የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች፣ ሰርትራሊንና ፍሎክሰቲን፣ ሱስ አያስይዙም። ለፓኒክ የሚጀመረው ዝቅ ብሎ ነው፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን 25 ሚሊ ግራም አንድ ሳምንት፣ ከዚያ 50። በደንብ ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚተወው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ ጭንቀቱን ራሱን ትንሽ ያባብሰዋልና «መድኃኒቱ ገደለኝ» ይላል። ዕድሜዋ ከ25 በታች ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣባት ቅርብ ሆናችሁ ጠይቋት፤ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪሟ ጋ። ሲሻላት ወዲያው አይቆምም፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቀጥላ በሐኪሙ ምክር ቀስ ብላ ትወርዳለች። በአንዴ ከተቆረጠ ያዞራል፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ያህል ይሰማል።

ሱስ የሚያስይዘው ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ነው። በግማሽ ሰዓት ያረጋጋል፣ ስለዚህ ይወደዳል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በላይ ግን አይወሰድም፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያስቆም ይችላል። ጎረቤት የተረፈውን ቢሰጣት አትቀበል። ለልብ ምት ፕሮፕራኖሎል ከታዘዘም አስም እንዳለባት ወይም እንደሌለባት አስቀድማ ትናገር፤ አስም ላለበት አይሰጥም።

እናታችሁን አትቃወሟት። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ፃድቃኔ ስትሄድ መድኃኒቷን ለሚቆዩበት ቀን ሙሉ ቆጥራችሁ ያዙላት፤ በጾም ሰዓት እንዳትቸገር ማታ ከምግብ በኋላ ትውሰደው። እንቅልፍ ካሳጣት ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪሙን ጠይቁት። ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሄዱ የተነሳባትን ቀን፣ የት እንደነበረች፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በዚያ ቀን ስንት ስኒ ቡና እንደጠጣች ጽፋ ትያዝ። ኢሲጂውንም እንዳትረሱት።