የጀበናና የማቶት ጥንድ፦ ለጥምቀት የሚደርስ የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ፤ ቀንሱም ጨምሩም። ሸክላ ሠሪዎቻችን ጀበና ያበጃሉ፣ ስፌት ሠሪዎቻችን ጀበናው የሚቀመጥበትን ማቶት ከሣር ይሰፋሉ፣ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ ይሸጣሉ። ለመጀመሪያ 20 ጥንድ ይበቃናል። ጥር 11 ጎንደር በእንግዳ ስትሞላ እጃችን ላይ መሆን አለበት። ማቶቱ አሁኑኑ ይጀመር፣ ጀበናው ይከተል ብያለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ፦ ልጄ፣ ነገሩን ገልብጠሽዋል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እሳት ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። እኔ የማበጀው በእጄ ብቻ ነው፤ ሁለት ጀበና መንታ ሆኖልኝ አያውቅም። ማቶቱ ከቀደመ አንዱ ጀበና ይሰምጣል፣ ሌላው ይንገዳገዳል። መጀመሪያ ተተኩሶ ይቀዝቀዝ። ከዚያ ስፌት ሠሪዋ እታለም መጥታ ቂጡን በክር ትለካ።

ስፌት ሠሪዋ፦ እውነቷን ነው። ግን መስከረም ሊያመልጠኝ አይገባም። ስንደዶ የሚነቀለው ያኔ ነው፤ ካለፈ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሣሩ አሁን ይገዛ፣ ስፌቱ ይቆይ። ሌላም አለ። ረቂቁ ሁሉንም በአለላ፣ ቀለም በተነከረው ሣር፣ ይላል። ጀበና ይገነፍላል፤ ቡና ሲነካው ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። መቀመጫው ነጭ ይሁን፣ አለላው ጎኑን ይዙር። ከከሰል የወረደ ጀበና ነጩን ያጠቁረዋል ትሉኝ ይሆናል። ያጥቁረው! ያልጠቆረ ማቶት ቡና ያልተፈላበት ቤት ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ 20 ለማግኘት ስንት ይተኮስ?

ሸክላ ሠሪዋ፦ 26 እንበል። ባለፈው ክረምቱ ሳይወጣ ቸኩዬ 10 ተኩሼ 4 ፈነዱብኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያልደረቀ ሸክላ ውስጥ የቀረው ውሃ እሳት ሲነካው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይዞት ይፈነዳል። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል እደባልቅበታለሁ። እርጥበትን ግን ገልም አያድነውም። ኩበቱም እርጥብ ከሆነ እሳቱ ባንድ በኩል ይበላል፣ በሌላው ይተኛል። ከጥቅምት አጋማሽ በፊት እንዳትጠብቁኝ።

ገንዘብ ያዡ፦ እሺ፣ የ26ቱን ወጪ እይዛለሁ። ገቢው እኩል ለሁለት፣ አይደል?

ስፌት ሠሪዋ፦ እሱ ላይ አልስማማም። አንድ ማቶት ከቤት ሥራ ጋር 3 ቀን ይፈጅብኛል። ጀበና እኮ በግማሽ ቀን ያልቃል።

ሸክላ ሠሪዋ፦ ያልቃል! አፈሩን ማን ቆፈረው? ማን ተሸክሞ አመጣው? መውቀጡስ፣ መንፋቱስ፣ ማቡካቱስ፣ በድንጋይ ማለስለሱስ? አንቺ ወስፌሽን ይዘሽ ቡና ላይ እየተጫወትሽ ትሰፊያለሽ። እኔን አፈር ጉድጓድ ውስጥ ማን ያጫውተኛል? ደግሞ ያንቺ ማቶት እሳት ገብቶ አይፈነዳም።

ስፌት ሠሪዋ፦ በሳቅ ገደልሽኝ። ተሸነፍኩ፣ ግን ግማሹን ብቻ።

ጸሐፊዋ፦ እንዲህ ብናደርገውስ? መጀመሪያ ወጪ ይነሣ፦ ማጓጓዣ፣ ኩበት፣ ሣር፣ ቀለም። የቀረው እያንዳንዱ በሠራው ቀን ልክ ይከፈል። ቁፋሮውም ስንደዶ መሰንጠቁም ቀን ነው። እሳት ውስጥ የፈነዳው በጋራ ይቆጠር፤ አንድ ሰው ላይ አይውደቅ።

ገንዘብ ያዡ፦ ያስኬዳል። ለሱቅ በአደራ መስጠት ግን ከረቂቁ ይውጣ። አንዱ ባለሱቅ 12 ዕቃ ወስዶ የ5ቱን ብቻ ከፈለን፤ ስንጠይቀው "ተሰበረ" አለ። ስባሪውን አሳየን ስንል ዝም።

ወጣቱ አባል፦ መለያ ወረቀቱ ላይ "የቤተ እስራኤል ሸክላ" ብንልስ? ቱሪስቱ ወደ ደባርቅ ሲያልፍ ወለቃ መንደር የሚቆመው ለዚያ እኮ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ፦ አይሆንም። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። 1983 ግንቦት ላይ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰድ እኔ ልጅ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እሷ በሠራችው ምጣድ እየጋገሩ እሷን "ቡዳ" ይሏት ነበር። ያን ሁሉ ታግሣ ያቆየችውን ሙያ በሌላ ሰው ስም አልሸጥም። የሄዱትም ስማቸው ለእኔ ጀበና ማሻሻጫ አይሁን።

ወጣቱ አባል፦ ይቅርታ እትዬ፣ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። "ጎንደር በእጅ የተሠራ" ብለን የሁለቱን ባለሙያዎች ስም ከሥሩ እንጻፍ?

ስፌት ሠሪዋ፦ የእሷ ስም ይቅደም። ማቶት ያለ ጀበና ምን ይሠራል?

ጸሐፊዋ፦ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። መስከረም ሣር ይገዛል፣ ጥቅምት አጋማሽ ይተኮሳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰፋል። ዋጋው ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ወጪው ሲታወቅ እንነጋገራለን።

ሸክላ ሠሪዋ፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ገል እንወቅጣለን። የተሰበረ ምጣድ ያላችሁ እንዳትጥሉት፣ ይዛችሁ ኑ። ቡናው በእኔ ነው።