የትራፊክ መብራት ወይስ አደባባይ? በጀቱ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በአንዲት ትንሽ ከተማ የመንገድ ሥራ ክፍል ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ዋና መንገድ አለ፤ ከባድ መኪናውም ሚኒባሱም ብስክሌቱም የሚያልፈው በዚያው ነው። መሃል ላይ ከትምህርት ቤት ከሚመጣው መንገድ ጋር ይገናኛል። ጠዋትና ማታ መላወሻ ይጠፋል። በቅርቡ ሁለት ተማሪዎች ተገጭተው ነበር፤ ደግነቱ ሁለቱም ተርፈዋል። አለቆቼ ዋናው መንገድ ባለ አራት ረድፍ ይሁን፣ መገናኛው ላይም የትራፊክ መብራት ይተከል ይላሉ። ከመብራት አደባባይ ይሻላል የሚሉም አሉ። ገንዘቡ ግን ለአንዱ ቢበቃ ነው። ዕቅዱን በሦስት ሳምንት አቅርቢ ተብያለሁ። ከምን ልጀምር?

ሹፌሩ፦
መሐንዲስ አይደለሁም፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። እንዲህ ዓይነት መገናኛ ላይ እኔን የሚያቆመኝ የመንገዱ ጥበት ሆኖ አያውቅም። ጥጉ ላይ ሰው የሚያወርደው ሚኒባስና ወደ ግራ ልታጠፍ ብሎ መሃል ላይ የሚቆመው መኪና ናቸው። ሄደሽ እይው።

የድሮው ቀያሽ፦
ልጄ፣ ሹፌሩ እውነቱን ነው። ወረቀት ላይ ከመጻፍሽ በፊት ቁጠሪ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን ምረጪ፣ ትምህርት ቤት ክፍት የሆነበትን። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለሁለት ሰዓት ያህል መቁጠር ይበቃል። በየ15 ደቂቃው ለይተሽ መዝግቢ፤ የሰዓቱን ድምር ብቻ ከያዝሽ ጭንቁ ይደበቅብሻል። ከየአቅጣጫው ስንት ወደ ቀኝ፣ ስንት ቀጥታ፣ ስንት ወደ ግራ እንደሄደ መለየት አለበት። ከባድ መኪና እንደ አንድ አይቆጠርም፤ በሚይዘው ቦታና በሚፈጀው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት መኪና ያህላል። እግረኞችንም ቁጠሪ፣ በተለይ ከዜብራው ውጭ የሚሻገሩትን። ሰው የሚሻገርበት ቦታ ዜብራው ካለበት ከተለየ፣ የተሳሳተው ዜብራው ነው።

ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደሽ የሦስት ዓመት የአደጋ መዝገብ ጠይቂና አንድ በአንድ ንድፉ ላይ አስቀምጪ፤ ማን ከየት መጥቶ ማንን ገጨ። መዝገብ የማይነግርሽን ደግሞ መሬቱ ይነግርሻል፦ የፍሬን ጥቁር መስመር፣ የተሰበረ መስታወት፣ የተጣመመ ምልክት፣ ጎማ የበላው የጠርዝ ድንጋይ። እኔ ስሠራ ከመሣሪያዬ ይልቅ እነዚህን ነበር የማምነው።

መብራት ሠሪው፦
መብራትን የሚጠላ ሰው መብዛቱ ይገርመኛል። በአግባቡ ጊዜው ከተሞላ ጥሩ ነገር ነው፤ ዓይነ ስውርም ድምፅ ካለው መብራት ጋር በልበ ሙሉነት ይሻገራል፣ አደባባይ ላይ ይህን አያገኝም። ግን ሒሳቡን ልንገርሽ። አረንጓዴ ላይ አንድ ረድፍ በሰዓት ወደ 1,800 መኪና ያሳልፋል፤ በሁለት ሴኮንድ አንድ ማለት ነው። አንዱ ተራ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ደግሞ አራት ሴኮንድ አካባቢ ይባክናል። አራት ተራ ካለሽ ከ60 ሴኮንዱ ዙር 16ቱ ማንም ሳያልፍበት ሄደ። ለዚህ ነው መብራት ብዙ መኪና በሌለበት መገናኛ ላይ ሰውን ባዶ መንገድ ፊት የሚያስቆመው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና የሚጠግነው ሰው ሲጠፋስ? መብራቱ እኮ ከተተከለ በኋላም ወጪው አያልቅም።

ተቃራኒው፦
በየመቶ ሜትሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አድርጊ፣ አበቃ። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

የእግረኛ ወገን፦
ወንድሜ፣ በዋና መንገድ ላይ ጉብታ ስትደረድር አምቡላንሱንም ከባዱን መኪናም ታንገላታለህ፤ ሹፌሩም በሁለት ጉብታ መካከል ይፈጥናል። ዜብራውን ራሱን ከመንገዱ ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል፤ ጉብታውም ማቋረጫውም አንድ ይሆናሉ።

እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ስለ አራቱ ረድፍ ልነግርሽ ነው። ሰው በሴኮንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል፣ ሕፃንና አረጋዊ ከዚያ ያነሰ። 7 ሜትር መንገድ በ6 ሴኮንድ ይሻገራል። 14 ሜትር ሲሆን ወደ 12 ሴኮንድ ይጠጋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አለ፦ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለው ሹፌር ለልጁ ይቆማል፣ ልጁ ይገባል፣ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መኪና የቆመው መኪና ከልሎት ልጁን አያየውም። ትምህርት ቤት ያለበት መንገድ ላይ ይህን በገዛ ገንዘባችሁ አትሥሩት። የግድ ከሰፋም መሃል ላይ እግረኛ ቆሞ የሚጠብቅበት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው ደሴት ይኑረው።

ፍጥነቱን ደግሞ አትርሺ። በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የያዘው የግጭት ኃይል በ30 ከሚሄደው ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የጥጉን ኩርባ ብታጠቢው ብቻ እንኳ መኪናው ለመታጠፍ ፍሬን ይይዛል።

የድሮው ቀያሽ፦
ማስፋቱ ላይ እኔም ልጨምር። በሁለት መገናኛ መካከል አራት ረድፍ ብትሠሪ መኪናው ቶሎ ደርሶ መገናኛው ላይ ይሰለፋል፣ ሌላ ትርፍ የለውም። የመንገዱን አቅም የሚወስነው መገናኛው ነው። ገና ወሰን ማስከበሩ፣ ካሳው፣ የውሃ መስመሩን ማዛወሩ አለልሽ፤ በጀትሽ አስፋልት ሳይነካ ያልቃል።

አደባባይ ወዳድ፦
አራት መንገድ የሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው ነጥቦች 32 ናቸው። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ። ግጭት ቢኖር እንኳ በዝግታና በጎን ነው፣ ፊት ለፊት አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር እንደሚለው፣ ከሁለት በኩል ብቻ የማቆሚያ ምልክት የነበረው መገናኛ አደባባይ ሲሆን ሞትና ጉዳት የሚያስከትሉ አደጋዎች በ82 በመቶ ቀንሰዋል፤ መብራት የነበረው ሲለወጥም በ78 በመቶ። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ያለችው ካርመል ትልቅ ከተማ ሳትሆን ከ150 በላይ አደባባይ ሠርታለች።

ግን አደባባይ ስል ድሮ የምናውቀውን ሰፊ ክብ ሜዳ አይደለም፣ መኪና ሳይቀንስ የሚዞርበትን። ገቢው መኪና በውስጥ ላለው ቅድሚያ መስጠት አለበት፤ ብሪታንያ ይህን ደንብ በ1966 እ.ኤ.አ. ካወጣች በኋላ ነው አደባባይ የተሳካው። መግቢያው ደግሞ መኪናውን ማጠፍ አለበት፣ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት ከሆነ ሥራው ከንቱ ነው። አንድ ድክመቱን አልደብቅም፦ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያለማቋረጥ መኪና ከመጣ የጎኑ መንገድ ሰው ተራ አያገኝም። ስለዚህ ቁጥሩን አምጪ።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦
ተመልሻለሁ። አመሰግናችኋለሁ፣ ጋሼ ቀያሽን በተለይ። ቆጠርን። በጭንቁ ሰዓት 860 መኪና ገባ። ከዚህ ውስጥ ከ1:45 እስከ 2:00 ባለው ሩብ ሰዓት ብቻ 270 ነው፤ ሰዓቱን ሙሉ እንደዚያ ቢሆን 1,080 ይሆን ነበር። ከዋናው ወደ ትምህርት ቤት በግራ የሚታጠፈው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሚኒባሶቹ የሚያወርዱት ከመገናኛው በፊት፣ ዜብራው አፍ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ሳያየው ያወቀው ይመስላል። ሁለቱ ልጆች የተገጩትም ከቆመ ሚኒባስ ፊት ሲወጡ ነው። ቦታውን ለካሁት፦ ከጥግ አጥር እስከ ትይዩው ጥግ አጥር በሰያፍ 33 ሜትር።

አደባባይ ወዳድ፦
ይህ ቁጥር ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ከሚችለው በታች ነው። ቦታው ግን ጠባብ ነው። በየጥጉ ለእግረኛ 3.5 ሜትር ስትቀንሺ 26 ሜትር ክብ ይተርፍሻል፤ ለአነስተኛ አደባባይ ይበቃል። የመሃሉን ደሴት ዝቅተኛ አድርጊው፣ የከባድ መኪናው የኋላ ጎማ እንዲወጣበት። ሐውልት እንትከል ከሚሉሽ ሰዎች ተጠንቀቂ።

ሹፌሩ፦
ረጅም ተሳቢ ያለው መኪና አስመጥታችሁ ሳትገነቡ በፊት አስዙሩት። ብዙ ቦታ ይህን ሳያደርጉ ነው ድንጋዩን የምንሰብረው።

የድሮው ቀያሽ፦
ፌርማታውን ነገ አዛውሪው፣ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ከመገናኛው ካለፈ በኋላ ይሁን፣ ቆሞ የሚያወርደው መኪና ዜብራውን እንዳይከልል። ከዜብራው በፊት ባለው 10 ሜትር ማንም አይቁም። ከዚያ ክቡን በኮንና በቀለም ሥሪና ሁለት ሳምንት ተዪው። ኮኑን ማዛወር ሳንቲም አያስወጣም፣ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን አይለቅም።

ውሃውንም አስቢ። አደባባይ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ስለዚህ ጎርፉ የሚሰበሰበው በውጭ ጠርዝ ነው። መውረጃው ከዜብራው በላይ ካልሆነ ልጆቹ ኩሬ ውስጥ ቆመው ነው የሚጠብቁት።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦
ኮን 40 አገኘሁ። ለአለቆቼ «ሙከራ ነው» ብያቸዋለሁ፣ እሺ አሉ። ሰኞ ማለዳ እንዘረጋለን።

የድሮው ቀያሽ፦
ፎቶ ላኪልን፣ ዝናብ የዘነበበትን ቀን አትዝለዪ።