ለሰፈር ሲደክሙ ለኖሩ ቄስ የትኛው ቃል ይስማማል? (ደጅ ጠና፣ ገዘተ፣ ዋስ ጠበቃ፣ ሁለንተናዊ)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ቄስ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እድሩ ሙት ዓመታቸው ላይ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅ ብሎኛል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ይግባልን፣ መንገዱ ይጠረግልን፣ እነእከሊት ቤታቸው ሲፈርስ ምትክ ይሰጣቸው እያሉ ቀበሌና ወረዳ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው፣ የተጣላ ማስታረቁማ አይቆጠርም። "የማኅበረሰብ ተሟጋች" ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው የችሎት ወሬ መሰለኝ፣ "አክቲቪስት" ደግሞ ጭራሽ እሳቸውን አይመስልም። ምን ልበል?

መልስ፦
አለኝታ በላቸው። "አለኝ" ከሚለው የመጣ ነው፣ ሰው "እሳቸው አሉኝ" ብሎ የሚመካባቸው ማለት ነው። ደጀን የሚሉም አሉ ግን ደጀን የጦር ቃል ነው፣ ከኋላ ሆኖ ለፊተኛው የሚደርስለት። እንደነገርከን ከሆነ እሳቸው ፊት ፊት የሚሄዱ ነበሩ።

ሌላ መልስ፦
አለኝታ ባይከፋም ለሁሉም ሰው ይባላል። ሙት ዓመት ላይ አለኝታችን፣ መከታችን፣ ዋርካችን እየተባለ ይደረደርና ሰውየው ምን እንዳደረጉ ሳይነገር ጽሑፉ ያልቃል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚ ስም ከምትፈልግ ግስ ፈልግ።

የመጀመሪያው ደጅ ጠና ነው። ድሮ አቤቱታ ያለው ሰው የንጉሥ ወይ የመኳንንት ደጅ ላይ ጠዋት ሄዶ ማታ እየተመለሰ፣ ተጠርቶ እስኪገባ ወራትም ዓመትም ይጠብቅ ነበር፣ ደጅ ጥናት የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ቃሉ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ሹመት ፈላጊ የሚለማመጥ ይመስላል፣ ግን "ለሰው ደጅ ጠኑ" ብትል ፍቺው ቀና ይላል፣ ምክንያቱም የጎረቤታቸውን ጉዳይ ይዘው ነው እዛ የተቀመጡት። ነጠላቸውን አጣፍተው መስቀላቸውን ይዘው የወረዳ ኮሪደር አግዳሚ ላይ የሰው ፋይል ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ነገ ይምጡ ተብለው በነጋታው እንደገና የሚመጡ ቄስ፣ እኚህ ሰው ደጅ ጠኑ እንጂ ተሟገቱ አይባልም።

ለማስታረቁ ደግሞ መሃል ገቡ በል። ደም የተቃቡ ሰዎች መሃል ካህን መስቀል ይዞ ሲገባ ያየ ሰው ቃሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያውቃል፣ በምሳሌ ሳይሆን በአካል ነው የሚገቡት። እምቢ ካሉም ይገዝታሉ። ገዘተ በቃለ እግዚአብሔር አሰረ፣ ከለከለ ማለት ነው፣ ከባድ ቃል ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፋሺስቶች ሲረሽኗቸው ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው ነው ያለፉት፣ እስካሁን ስማቸው ሲነሳ ይሄ ግስ አብሮ ይነሳል።

ሦስተኛው ዋስ ጠበቃ ነው። ጠበቃ ስለሌላው ይናገራል፣ ዋስ ደግሞ ነገሩ ቢበላሽ ራሱ ይያዛል፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ቃሉ ሙሉ የሚሆነው። ለዚህ ቃል ቄስ ጉዲና ቱምሳን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ወለጋ ተወልደው ነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ጀምረው፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ታስረው ተፈተዋል፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሊያስወጧቸው መንገድ ሲያመቻቹላቸው ምእመኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ባለቤታቸውም ብዙ ዓመት ታስረዋል። ዋስ ማለት ይሄ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሁለንተናዊ አገልግሎት የሚለው አባባል የመካነ ኢየሱስ ሰዎች አፍ ላይ ያለ ነው። ሁለንተና መላ አካል፣ መላ ማንነት ማለት ነው፣ "ሁለንተናዬን አመመኝ" እንደምንለው፣ የግዕዙ ኵለንታ ዘመድ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ጉዲና ዋና ጸሐፊ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች፣ ለልማት ገንዘብ ሰጥቶ ለስብከት መከልከል አንዱን ሰው ለሁለት መክፈል ነው የሚል ሐሳብ ያለው። ስለዚ ውሃ ያስገቡትም የቀደሱትም እኚያው ቄስ ናቸው ለማለት ከፈለግክ ሁለንተናዊ የሚለው ይስማማል፣ ግን የእድር አዛውንቶች ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ቃል ሊመስላቸው ይችላል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ "ለሰው ደጅ የጠኑ፣ በተጣላ መሃል የገቡ" ብዬ እጀምራለሁ። ዋስ ጠበቃ የሚለውንም እጨምረዋለሁ፣ ያቺ ምትክ ቤት ያገኘች እናት ስትነግረኝ ራሷ የተጠቀመችው ቃል ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ እድሩ ውስጥ ኦርቶዶክስም ጴንጤም ሙስሊምም አለ፣ ሞቱን በምን ልግለጸው?

መልስ፦
ዐረፉ በል። "ወደ ጌታ ሄዱ" የጴንጤዎቹ ነው፣ "ነፍስ ይማር" ደግሞ እነሱ አይሉትም፣ ዐረፉ ግን ማንንም አይከፋውም፣ ለካህንም ወጉ እሱ ነው። ባነር ላይ ከሆነ የሚወጣው ደግሞ "ዐረፉ" በዓይኑ ዐ፣ "ሙት ዓመት"ም በዓይኑ ዓ ይጻፍ፣ ማተሚያ ቤቶቹ በአልፋው አ ነው የሚያወጡት፣ ሳይታተም እይላቸው።